«ይወደኛል?» ብላችሁ ግሩፕ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት

«ስሜ ይቆይልኝ። ፍቅረኛዬ ሁለት ቀን ሙሉ ኦንላይን አልገባም። የላኩለት ቴክስት ሁሉ አንድ ራይት ላይ ቆሟል። ስደውል ጥሪ አይቀበልም ይላል። ይወደኛል ወይስ ትቶኛል? እባካችሁ በቅንነት መልሱልኝ።»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ አይቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ከስር የሚመጣውንም ታውቁታላችሁ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ «ተይው እህቴ»፣ «ሌላ ይዟል ማለት ነው»፣ «ብሎክ አድርጊውና አርፈሽ ተኚ»፣ ሦስት አራት የሳቅ ኢሞጂ፣ አንድ ጥቅስ፣ ከዚያ ደግሞ «ኢንቦክስ ነይ ላማክርሽ» የሚል የማይጠፋ አንድ ሰውዬ።

ይቺን ልጅ እናውቃታለን። ፈቃዷን ጠይቀን፣ ማን እንደሆነች የሚያሳውቀውን ሁሉ ቀይረን ነው የምንጽፈው። እሷ ወረታ ከተማ ነበረች። ልጁ ደግሞ ጊዜው የሩዝ አጨዳ ስለነበር ወደ ጣና ጠጋ ያለ ቀበሌ፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ወርዷል። እዚያ መብራት የለም። ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፣ እሱም ከማሳ ማሳ ሲል ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ወረታ ወጥቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሲሰካው ብሎክ ተደርጓል። ግሩፑ ላይ የተጻፈውንም ጓደኞቹ ስክሪንሹት አንስተው አሳዩት። አሁን አብረው አይደሉም። በዚህ ብቻ ተለያዩ አንልም፣ ግን ያቺ ፖስት እስከ ዛሬ ትነሳለች።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። «ተይው» ያሏት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ብዙዎቹ ምናልባት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ነው የመለሱት፤ እዚያ ሁለት ቀን ስልኩ የጠፋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሸሽቷል። ፎገራ ላይ ግን ሁለት ቀን ምንም ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ መንገዱም ሰውም የሚቋረጥበት አገር ነው። ኧረ እንዲያውም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ስንቶቻችን ነን በተራ ኤስኤምኤስ ስንዋደድ የከረምነው! ያኔ «ኦንላይን አልገባም» የሚል ክስ ማንም አያቀርብም ነበር።

ጥያቄዋ ውስጥ «አጨዳ ወርዷል፣ ያለበት ቦታ መብራት የለም» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ መልሱ በሙሉ ይቀየር ነበር። ምናልባትም ጥያቄው ራሱ አይኖርም ነበር። ስትጽፈው ራሷ ታየው ነበርና።

ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነው ስለዚህ ነው። «ፍቅርን ግሩፕ ላይ አትጠይቁ» ልንል አይደለም። ለምን እንደምንጠይቅ እኛም እናውቃለን። ወረታ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው መኪና ሁሉ በመሃሏ ያልፋል፣ የደብረ ታቦሩም መንገድ ከእሷ ይገነጠላል፤ ያም ሆኖ ስለ ፍቅረኛህ የምታማክረው ጓደኛ የፍቅረኛህን አክስት ያውቃታል። እናትን መጠየቅ ያሳፍራል። ታላቅ እህት ትቆጣለች። የንስሐ አባት ጋ ሄዶ «ቴክስቴን አይታ አልመለሰችልኝም» ማለትም ይከብዳል። ስለዚህ የማያውቀንን ሰው እንጠይቃለን። የማያውቀን ሰው ደግሞ ጥቅሙም ጉዳቱም አንድ ነው፤ አያውቀንም። አያማንም፣ አይታዘበንም፣ ግን ከጻፍንለት ውጪ ምንም የሚያየው ነገር የለም። የምንጽፈው ጥያቄ ለእሱ ዓይኑ ነው።

በነገራችን ላይ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ ቴሌግራም ያመጣው ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል አምድ ነበረው። አንባቢ ከየክፍለ ሀገሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። ስለ ታሪክም፣ ስለ ሳይንስም፣ ስለ ፍቅርም ይጠየቅ ነበር። መልሱ አጭር፣ ብዙ ጊዜም የሚያስቅ ነበር። (ጳውሎስ መደበኛ ትምህርቱ ከ4ኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው። ዲግሪ ለሌለን ለእኛ ለመሰሉ ጋዜጠኞች ይቺ መረጃ ሁሌም ልብ ታሞቃለች።)

ያን ዘመን አስቡት። ወረቀት ትገዛለህ፣ ትጽፋለህ፣ ፖስታ ቤት ትሄዳለህ፣ ቴምብር ትለጥፋለህ። እዚህ ሁሉ ደረጃ ላይ «ቆይ፣ ግን በትክክል የምጠይቀው ምንድን ነው?» ለማለት ጊዜ አለ። ግማሹ ንዴት መንገድ ላይ ይበርዳል። ዛሬ ከንዴቱ እስከ ፖስቱ አርባ ሰከንድ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ያኔ የሚመልሰው አንድ ሰው ነበር፣ በስሙ ይመልስ ነበር። አሁን ሁለት መቶ ሰው ይመልሳል። ከሁለት መቶው ብዙው የሚጽፈው ለአንተ ሳይሆን ለሌሎቹ አንባቢዎች ነው፤ እንዲስቁለት፣ ላይክ እንዲያደርጉለት። ኮሜንቱ ጥሩ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ምክር ግን አይደለም። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ እንባ ያድናል።

እሺ፣ ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል? መጀመሪያ መጥፎው ለምን መጥፎ እንደሆነ እንይ። «ፍቅረኛዬ ራስ ወዳድ ነው፣ ምን ላድርግ?» እንበል። «ራስ ወዳድ» የተደረገ ነገር አይደለም፣ የተሰጠ ስም ነው። ፍርዱን ራሳችሁ ሰጥታችሁ ቅጣቱን ብቻ ነው ሰው የጠየቃችሁት። የሚያነበው ሰው ደግሞ በሕይወቱ ያጋጠመውን ራስ ወዳድ ያስታውስና ስለ እሱ ይመልሳል። የቀድሞ ባሏን የምታስታውስ ሴት «ሳይመሽብሽ ውጪ» ትላለች። ወንድሙን የሚያስታውስ ልጅ «ታገሺው ይቀየራል» ይላል። ሁለቱም ስለ እናንተ ፍቅረኛ አንድም ነገር አላወቁም።

አሁን ስሙን ትታችሁ የሆነውን ጻፉት። «ባለፉት ሁለት ወራት አራት ጊዜ ተቀጣጥረን ሦስቱን ጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ሰረዘ። ሁለቱን ጊዜ ምክንያት አልነገረኝም። አንዱን ጊዜ እናቱ ታመው እንደነበር በኋላ አወቅሁ። ቅር እንዳለኝ እስካሁን አልነገርሁትም።» አያችሁ? እዚህ ውስጥ ብዙ የሚያዝ ነገር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር። አልነገረችውም! አስተዋይ አንባቢ መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው።

ይቺን ነገር እኛ ያገኘናት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ በማየት ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አንዱ «ይሄ ሰው አስቸጋሪ ነው» ካለ ሽማግሌው አይቀበለውም። «ምን አደረገ?» ይላል። ይነገረዋል። «መቼ?» ይላል። ይነገረዋል። «አንቺስ ምን አልሽው?» ይላል። «ከዚያስ?» ይላል። ይቺ «ከዚያስ?» የምትባል ቃል ስንት ቤት እንዳዳነች! ከዚያ ደግሞ ሌላኛውን ወገን ጠርቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ግሩፕ ላይ ሌላኛው ወገን የለም። ስለዚህ የሽማግሌውን ሥራ ጠያቂው ራሱ መሥራት አለበት፤ ያደረገችኝን ስጽፍ ያደረግኋትንም፣ ያለችኝን ስጽፍ ያልኳትንም። ራሳችሁን መልአክ አድርጋችሁ የጻፋችሁት ጥያቄ የሚያመጣላችሁ ለመልአክ የሚሆን ምክር ነው። ለእናንተ አይሆንም።

ሽማግሌዎችን ዝም ብለን እያመሰገንን ግን አይደለም። ለጋብቻ ሲሆን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ መሬቱንና ከብቱን ይጠይቃሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ሰው ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ልጅቱን። «አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?» የምትለዋ ጥያቄ ለብዙ ትውልድ አልተጠየቀችም። ጥሩ ጠያቂ ሆኖ ዋናውን ጥያቄ መርሳትም አለ ለማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥያቄው ጭራ ነው። «ይወደኛል ወይ?» ብላችሁ ሦስት ሺህ ሰው ብትጠይቁ ከሦስት ሺው አንድም የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው ሰው ግሩፑ ውስጥ የለም። (ካለ ደግሞ የባሰ ነው።) ስለ ሌላ ሰው ልብ የሚጠይቅ ጥያቄ መልሱ ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። ስለ ራሳችሁ ቀጣይ እርምጃ የሚጠይቅ ግን ሊመለስ ይችላል። «ይወደኛል ወይ?» ከማለት «ቅር እንዳለኝ ሳልጣላ እንዴት ልንገረው?»፤ «ታታልለኛለች?» ከማለት «ስልኳን ሳልበረብር የምጠረጥረውን ነገር እንዴት ላንሳው?»፤ «ይሄ ፍቅር ነው?» ከማለት «ከመጋባታችን በፊት ስለ ምን ስለ ምን ተነጋግራችሁ ነበር?» ማለት ይሻላል። የመጨረሻዋን በጣም እንወዳታለን፤ ሰው አስተያየቱን ሳይሆን የኖረውን እንዲናገር ታስገድዳለች። ስለ ብር፣ ስለ ልጅ፣ ከማን ቤተሰብ ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ሃይማኖት፣ የኤችአይቪ ምርመራ አብሮ ስለ ማድረግ ያገባ ሰው የሚነግራችሁ ነገር አያልቅም።

አሁን ወደሚያስፈራው ክፍል እንግባ። «ስሜ ይቆይልኝ» ማለት ስም አይደብቅም።

እንበልና አንድ ግሩፕ ውስጥ 3,000 የወረታና የአካባቢዋ ሰው አለ። «ነርስ ነኝ» ስትሉ ከሦስት ሺው ጥቂት ሰው ብቻ ይቀራል። «24 ዓመቴ ነው» ስትሉ በጣት የሚቆጠር። «ፍቅረኛዬ ባጃጅ ይነዳል፣ የተዋወቅነው ባለፈው ጥምቀት ነው» ስትሉ አበቃ፣ ጓደኛዬ እሷ ናት ብሎ ታግ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ስም አልተጻፈም፣ ግን ስም ተነግሯል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ዝርዝር ብትጽፉ ትጠፋላችሁ። ወረታ ላይ ሦስት ዝርዝር ማለት የቤት ቁጥር ነው።

ታዲያ ቅድም «ቦታውን ጻፉ» ብላችሁን አልነበር እንዴ ትሉን ይሆናል። ልክ ነው። ዘዴው መልሱን የሚቀይረውን ማስቀረት፣ የማይቀይረውን መለወጥ ነው። መልሱን የሚቀይረው «መብራትና ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነው ያለው» የሚለው ነው፤ የቀበሌው ስም አይደለም። «በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል» የሚለው መልስ ይቀይራል፤ የእናንተ ትክክለኛ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይቀይርም። «የሚከፍልልኝ እሱ ነው» የሚለው ወሳኝ ነው፤ ሩዝ መፈልፈያ ይሥራ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሥራ ለውጥ የለውም። ነርስ ከሆናችሁ መምህር ነኝ በሉ። ጥምቀት ከሆነ ሠርግ ላይ በሉ። ይህ ውሸት አይደለም፣ ነጠላ መከናነብ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቴክኖሎጂው ራሱ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ።

ፌስቡክ ግሩፕ ላይ ስም ሳይታይ መለጠፍ የሚያስችለውን ምርጫ ስትጠቀሙ ተራው አባል ስማችሁን አያይም። የግሩፑ አድሚኖችና ሞደሬተሮች ግን ያያሉ፣ ፌስቡክም ያውቃል። አድሚኑ የሰፈራችሁ ልጅ ከሆነ አስቡበት። ከታች ኮሜንት ስትመልሱም በየትኛው ስም እየጻፋችሁ እንደሆነ ሁለቴ እዩ። ጥያቄውን ተደብቀው ጠይቀው «አመሰግናለሁ» ለማለት በፎቷቸው ብቅ ያሉ ሰዎች አይተናል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ጥያቄያችሁን ለቦቱ ላኩ፣ ማንነታችሁ አይታወቅም» የሚሉ ቻናሎች አሉ። ቻናሉ ላይ አይታወቅም፣ እውነት ነው። የቦቱ ባለቤት ግን አካውንታችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን ስም፣ ዩዘርኔማችሁንና የመለያ ቁጥራችሁን ማየት ይችላል፤ የጻፋችሁትንም ማስቀመጥ ይችላል። ስልክ ቁጥራችሁን ራሳችሁ ካልሰጣችሁት አያገኝም። ስለዚህ ቦት «ለማረጋገጫ ስልክህን ሼር አድርግ» ካለ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ግሩፕ ውስጥ ላላችሁም ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ፎን ነምበር ማንም እንዳያየው ማድረግ ትችላላችሁ። እዚያው ፎርዋርድድ ሜሴጅስ የሚለውንም ዝጉት፤ የጻፋችሁት ወደ ሌላ ሲላክ ከአካውንታችሁ ጋር የሚያገናኘው ሊንክ አብሮ አይሄድም። ስክሪንሹትን ግን እነዚህ ሴቲንጎች አይከለክሉትም።

የእናንተን ስትደብቁ የእሱን ወይም የእሷን መግለጥም አለ። የቻቱን ስክሪንሹት ከነፎቶው ለጥፎ «ፍረዱኝ» ማለት ለምዶብናል። ያ ሰው አልተጠየቀም። ነገ ብትታረቁስ? በተለይ የግል ፎቶ ከሆነ ጉዳዩ ሐሜት መሆኑ ያበቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኮምፒዩተርና በስልክ ሰውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋትን በእስራት ያስቀጣል። «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» የሚል ቴክስት ራሱ ማስረጃ ነው፤ አታጥፉት፣ ግሩፕ ላይም አትለጥፉት፣ አስቀምጡትና ለፖሊስ አሳዩት።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይወስደናል። የፍቅር ጥያቄ መስለው የሚመጡ፣ ግን የፍቅር ጥያቄ ያልሆኑ ጥያቄዎች አሉ።

ለምሳሌ እንዲህ ብላ የምትጽፍ ልጅ አስቡ፤ «10ኛ ክፍል ነኝ፣ ከክረምቱ በኋላ ሊድሩኝ ነው፣ ልጁ መጥፎ አይደለም፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ግሩፑ ስለ ልጁ ይከራከራል። አግቢው፣ አታግቢው፣ ሥራ አለው ወይ፣ ቁመናውስ። ዋናው ነገር ግን ልጁ አይደለም፣ ዕድሜዋ ነው። በፌደራሉ የቤተሰብ ሕግም (1992 ዓ.ም.) በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም (1995 ዓ.ም.) የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን የሚያገባ ሰው ዕድሜዋ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይላል። «እሷም ወዳለች» የሚለው ነገሩን አይለውጠውም። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው የሚያስፈልገው ሁለት መቶ ኮሜንት አይደለም፤ የምታምነው አንድ መምህር፣ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም ፖሊስ ነው። እናንተ ግሩፕ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካያችሁ ስለ ልጁ ቁመና አትከራከሩ፤ ይህችን መረጃ ብቻ አቀብሏት።

ሌላው በሰዓት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። ሳይጠነቀቁ ግንኙነት ከተደረገ ወይም አንዷ ተደፍራ ከሆነ «ምን ላድርግ?» ብሎ ለጥፎ መልስ መጠበቅ አደጋ አለው። ለኤችአይቪ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ብዙዎቻችን ፖስትፒል የምንለው የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያም እንደዚሁ፣ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ዛሬውኑ። ግሩፑ ነገም ይኖራል።

ድብደባም እንዲሁ። «ሲናደድ ይመታኛል ግን ይወደኛል፣ ታግሼ ልኑር?» የሚል ጥያቄ ስር «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» ብሎ ተረት የሚጽፍ ሰው ስናይ ደማችን ይፈላል። ለመመለስ ችኩል የሆነ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «አሁን ያለሽበት ቦታ ደኅና ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ሆኖ እንኳ መልሶቹን ማበጠር የእናንተ ሥራ ነው። እኛ የምናይበት መንገድ ቀላል ነው። መልሶ የጠየቃችሁን ሰው መጀመሪያ አንብቡት። «ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»፣ «ነግረሽዋል?» የሚል ሰው ለመርዳት ነው የመጣው። በአንድ ቃል የሚፈርድ ሰው ተመልካች ነው። የራሱን ታሪክ የሚናገር ሰው ጥሩ ነው፣ ብቻ የእሱ እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ አትርሱ። «ኢንቦክስ ነይ» የሚለውን ሰውዬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ያዘነች ልጅ የት እንደምትገኝ ያውቃል፣ ለዚያ ነው የማይጠፋው። ከእሱ ቀጥሎ «የራቀውን አቀርባለሁ፣ በስልክ ብቻ» የሚል አዋቂ ነኝ ባይ ይመጣል፣ ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር። ኧረ ተዉን!

አንድ የመጨረሻ ታሪክ ነግረናችሁ እናቁም። እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ ወዳጃችን ፍቅረኛው ቤይሩት ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ለግሩፕ የጻፈው ጥያቄ «ውጭ አገር ያለች ሴት እንደተቀየረች የምታውቁት በምንድን ነው?» የሚል ነበር። ኮሜንቱ ጎረፈ። አብዛኛው ስለ «ውጭ አገር ሴቶች» ነበር፣ ስለ እሷ አንድም የለም። ተናድዶ አጠፋው።

ከዚያ አንድ ማታ አብረን ቁጭ ብለን ጥያቄውን እንደገና ጻፍነው። ምን ሆነ? ድሮ በየቀኑ ትደውል ነበር፣ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያስ? ድሮ ብር ትልክ ነበር፣ አቆመች። አንተስ ምን አልካት? ዝም። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ምንም አላልኳትም» አለ። ለምን? «ብሩን የጠየቅኋት እንዳይመስላት።» ጥያቄው እሱ ነበር ለካ! በመጨረሻ የለጠፈው ይህን ነው፤ «ውጭ ያለች ፍቅረኛዬ መደወልና ብር መላክ ቀነሰች። ብሩን አልፈልግም፣ የምፈራው ለእሷ ነው። ብር የፈለግሁ ሳይመስላት ደኅንነቷን እንዴት ልጠይቃት? እዚያ የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

ዘጠኝ መልስ ብቻ መጣ። ሦስቱ ቀልድ ነበሩ። አንዷ ግን እዚያው አገር ለዓመታት የሠራች ሴት ነበረች። ስትጽፍለት፣ ማዳም አጠገብ ስትሆን ስልክ ማንሳት ስለማትችል አትደውልላት፣ ቮይስ ላክላትና ማታ ብቻዋን ስትሆን ትስማው አለችው። መጀመሪያ ላይ «ብር እንዳትልኪ» ብለህ ጀምር፣ ከዚያ «ደመወዝሽን ይሰጡሻል ወይ? ትበያለሽ ወይ? ትተኛለሽ ወይ?» ብለህ ጠይቃት፣ «ለምን ዘጋሽኝ» አትበላት አለችው።

እንዳለችው አደረገ። ቮይሱን ሦስት ጊዜ ቀድቶ ሦስት ጊዜ አጠፋው፣ አራተኛውን ላከ። አራት ቀን አንድ ራይት ላይ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የ11 ደቂቃ ቮይስ መጣለት። ምን እንደምትል አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።